ድኃ እንዴት ይመረቃል?

«ምረቃ» የሚለውን ቃል የማይወድ ተማሪ የለም። ጥቁር ካባ፣ ፎቶግራፍ፣ ከገጠር ተነሥታ የመጣች እናት፣ እልልታ፤ ይኸ ሁሉ በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ታጭቋል። ነገር ግን በቃሉ የሚጠቀመው ዩኒቨርሲቲ ብቻ አይደለም። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤትም ይጠቀምበታል። እዚያ ዘንድ የሚመረቀው ድኃው ነው። በልማታዊ ሴፍቲኔት ታቅፎ ሲረዳ የነበረ ቤተሰብ ስሙ ከመዝገብ ሲወጣ «ተመረቀ» ይባላል። ካባ የለ፣ እልልታ የለ። በየወሩ ያገኛት የነበረችው እህል ወይም ብር ትቀራለች፤ አለቀ።

እኛ በዲላ የምንማር ተማሪዎች በዚህ ቃል ላይ ጠብ አለን። ድኃ ከድህነት መውጣቱን ማን ይጠላል? የምንጠላው ሰውዬው ከእነድህነቱ እያለ ከዝርዝር ማውጣትን፣ ያንንም እንደ ድል አድርጎ በሪፖርት መጻፍን ነው። ነገሩ የቃል ጨዋታ እንዳይመስል ከሥሩ ጀምረን እንመልከተው።

ፕሮግራሙ የተጀመረው በጥር 1997 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት መንግሥት በየዓመቱ ድርቅ ሲመጣ «ድረሱልኝ» እያለ ይጮህ ነበር፤ ስንዴው ሲደርስ የሚሞተው ሞቶ፣ በሬውን የሚሸጠው ሸጦ ነበር። በየዓመቱ እንደሚራብ አስቀድሞ ለሚታወቅ ሕዝብ በየዓመቱ እንደ ድንገተኛ አደጋ መለመን ሞኝነት መሆኑ ታመነና፣ 5 ሚሊዮን ለሚሆኑ ሰዎች አስቀድሞ የታቀደ ድጋፍ እንዲሰጥ ተወሰነ። ጉልበት ያለው እርከን ይሠራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፣ ችግኝ ያፈላል፤ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል የ5 ቀን ሥራ ታስቦ በዓመት ለ6 ወር ይከፈለዋል። ሽማግሌው፣ አካል ጉዳተኛው፣ ጉልበት የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ያለ ሥራ ቀጥታ ይደገፋል። ይህ በጎ ሐሳብ ነው። በጎውን በጎ ካላልን ክፉውን ክፉ የማለት መብት አይኖረንም።

ሂሳቡ ግን እንዲህ ነበር። የቀን ክፍያው 6 ብር ሆኖ ተቆረጠ፤ 6 ብር በዚያን ጊዜ 3 ኪሎ እህል ይገዛል ተብሎ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሰማይ ሲነካ ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ አለ፤ ገበያው ግን ጥሎት ሄዶ ነበር። ቤተሰቦች «ብሩን ውሰዱና እህሉን ስጡን» እስከ ማለት ደረሱ። ከሁሉ የሚገርመው ግን ተስፋው ነው፦ በአምስት ዓመት ገደማ ተረጂው ሁሉ ራሱን ችሎ ይወጣል ተባለ። አምስት ዓመቱ አለፈ፤ ሌላ ዕቅድ ወጣ፤ እሱም አለፈ። በ2013 ዓ.ም. ፕሮግራሙ አምስተኛ ምዕራፉን ሲጀምር የተረጂው ቁጥር ከመነሻው በልጦ ወደ 8 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። ታዲያ ያ ሁሉ ተመራቂ የት ሄደ? ከፊሉ በእርግጥ ቀና ብሏል። ከፊሉ ግን በአንዱ በር ተመርቆ በሌላው በር ተመልሶ ገብቷል፤ የገባበት በር ካልተዘጋበት ማለታችን ነው።

አሁን ወደ ክልሎች እንምጣ። አንድ ቤተሰብ ለምረቃ የሚበቃው ምን ያህል ሀብት ሲያፈራ ነው? ይህን የወሰኑት ክልሎች ናቸው፤ እያንዳንዱ ክልል በየራሱ መስመር አሰመረ። በትግራይ በነፍስ ወከፍ 5,600 ብር፣ በአማራ 4,200 ብር፣ በያኔው ደቡብ ክልል 2,998 ብር፣ በኦሮሚያ በቤተሰብ 19,187 ብር የሚያወጣ ንብረት ያለው «ራሱን ችሏል» ተባለ። እንግዲህ የደቡቡ ድኃ ከትግራዩ ድኃ በግማሽ ብዙም ባልበለጠ ንብረት ይመረቃል ማለት ነው። የዋጋ ልዩነት አለ፣ የኑሮ ዘይቤ ይለያያል፣ እሺ ይሁን። ግን በደቡብ ያለው ሆድ ግማሽ ሆድ ነው እንዴ? ደግሞስ አንዲት ጥገትና ጥቂት በግ ከነግልገሏ ተቆጥረው መስመሩን አለፉ ብንል፣ ጥገቷ በበሽታ በሞተች ማግስት ማነው «ምረቃህ ተሰርዟል፣ ተመለስ» የሚለው? እኛ ዲግሪያችንን ከያዝን በኋላ ማንም አይነጥቀንም። የእሱ ዲግሪ ግን በአንድ የዝናብ ወቅት ይቀደዳል።

ችግሩ የመስመሩ መርዘምና ማጠር ብቻ ቢሆን በሰነድ ማሻሻያ ይስተካከል ነበር። ሥሩ ሌላ ቦታ ነው፤ ድጋፉ መብት ሳይሆን ችሮታ መሆኑ ነው።

ይህን በምሳሌ እንይ። በዚያው በ1997 ዓ.ም. ሁለት አገሮች ለገጠር ድኃ ሥራ የመስጠት ዕቅድ አወጡ። እኛ ፕሮግራም አወጣን። ሕንድ በዓመቱ ማብቂያ ላይ ሕግ አወጣች፤ ሕጉም ለአንድ የገጠር ቤተሰብ በዓመት 100 ቀን ሥራ የመጠየቅ መብት ሰጠ፤ በ15 ቀን ውስጥ ሥራ ያላገኘ አመልካች የሥራ አጥ አበል እንዲከፈለው ደነገገ። በአፈጻጸም ሕንድም ብዙ ጎድሎባታል፤ ክፍያ ዘግይቷል፣ ደላላ በልቷል። ልዩነቱ ግን እዚህ ላይ ነው፦ የሕንዱ ገበሬ ሲጎድልበት «መብቴ ተጣሰ» ብሎ ይከሳል፤ የእኛው ገበሬ ሲጎድልበት «ኮታ ሞልቷል» ይባልና ቤቱ ይገባል።

መብትን ወደ ችሮታ መመለስ ምን እንደሚያስከትል ለማወቅ የሚፈልግ ደግሞ ሀብታሚቱን አሜሪካን ይመልከት። እዚያ ከ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ልጆች ያሏቸው ድኃ ቤተሰቦች መስፈርቱን እስካሟሉ ድረስ ድጎማ የማግኘት መብት ነበራቸው። በነሐሴ 1996 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ክሊንተን የፈረሙት ሕግ ይህን መብት ሻረ። በምትኩ ፌዴራሉ መንግሥት በዓመት 16.5 ቢሊዮን ዶላር ያህል ለክልል መንግሥታት በጥቅል እንዲያድል፣ ክልሎቹም በሰፊ ሥልጣን እንዲያስተዳድሩት ተደረገ። የሥራ ግዴታ ገባ፤ በፌዴራል ገንዘብ መረዳት በዕድሜ ዘመን በአምስት ዓመት ተገደበ። ጥቅሉ ገንዘብ ከዋጋ ንረት ጋር እንዲያድግ ስላልተደረገ ከዓመት ዓመት እየሟሸሸ ሄደ። የተረጂዎች ቁጥር በፍጥነት ቀነሰ፤ ባለሥልጣኖቹም ይህንኑ ቁጥር እያነሡ ፎከሩ። አያችሁ? እዚያም «ምረቃ» ነው፤ ቋንቋው ብቻ ተለወጠ።

ክልሎቹስ ገንዘቡን ምን አደረጉት? ድኃ ከሚበዛባቸው የአሜሪካ ክልሎች አንዷ ሚሲሲፒ ናት። በ2020 እ.ኤ.አ. የክልሉ ኦዲተር ለድኆች ከተመደበው ገንዘብ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ላልሆነ ነገር መዋሉን ይፋ አደረገ። ከዚሁ ውስጥ 5 ሚሊዮን ዶላር ያህሉ ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የመረብ ኳስ አዳራሽ መሥሪያ ሄዷል። የተማሪ መረብ ኳስ ከሕፃን ወተት በለጠ! ድኃው መብት የለውምና ገንዘቡ ሲጠፋ «የእኔ ነው» የሚል ባለቤት አልነበረውም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኛ ሴፍቲኔት ከመጀመሪያው አብዛኛው በጀቱ የመጣው ከዓለም ባንክና ከለጋሽ መንግሥታት ነው። ለጋሽ ደግሞ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም የምግብ ፕሮግራም ዕርዳታ እህል ተሰርቆ ገበያ ላይ ተሽጧል በማለት በመላ ኢትዮጵያ የምግብ ዕርዳታቸውን አቋረጡ። እህሉን የሰረቀው ሌላ፤ የተራበው ሌላ። ለወራት የተቀጣው የተሰረቀበቱ ነው። በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ደግሞ ያው የአሜሪካ ድርጅት ራሱ በዋሽንግተን ውሳኔ ተዘጋ። በሰው አገር ምርጫ ማን እንዳሸነፈ የሚወስንለት ቁርስ እንዴት ሴፍቲኔት ይባላል? መረቡን የያዘው እጅ ሲፈልግ የሚለቀው ከሆነ ወጥመድ እንጂ መረብ አይባልም።

«ይኸ የድርቅ አገር ወሬ ነው፤ ጌዴኦ ለምለም ነው» የሚለን አይጠፋም። እውነት ነው፣ ለምለም ነው። ከዲላ ተነሥቶ በወናጎ፣ በይርጋጨፌ አድርጎ ወደ ገደብ የሚሄድ መንገደኛ ከዛፍ በቀር የሚያየው የለም፤ ከላይ ዋርካና ዋንዛ፣ ከሥሩ እንሰት፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና። ይህ የአባቶች ጥበብ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ኮርተናል። ይሁን እንጂ በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ በዞኑ 847,434 ሰው ነበር፤ በአንድ ካሬ ኪሎሜትር ወደ 700 ሰው መሆኑ ነው። ዛሬ ከዚያ እጅግ በልጧል። ብዙው ገበሬ ያለው ከአንድ ሄክታር በታች ነው፤ ያንንም ለልጆቹ ያካፍለዋል። ቡና ገንዘብ የሚያመጣው በለቀማው ወራት ነው። ከሐምሌ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ ኪስም ጎታም የሚደርቅበት ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው ከነጋዴ ይበደርና ገና ያልቀላውን ቡናውን በቃል ይሸጣል። እንሰቱም ቢሆን ለመድረስ ዓመታት ይፈልጋል፤ የተቸገረ ቤት ያልደረሰውን እየቆረጠ የነገውን ዛሬ ይበላል።

ይህ ረሃብ አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ረሃብ ነው። ከመኪና መስኮት አይታይም። ፕሮግራሙ ሲጀመር ወረዳዎች የተመረጡት ቀደም ባሉት ዓመታት በተደጋጋሚ የእህል ዕርዳታ መቀበላቸው እየታየ ነበር። ትናንት ያልተቆጠረ ዛሬም አይቆጠርም ማለት ነው። አፈሩ የተሰነጠቀበት ሰው ቢያንስ ፎቶ ይነሣል፤ በእንሰት ጥላ ሥር የተራበው ግን ለፎቶም አይመች። የይርጋጨፌ ስም ግን በዓለም ይዞራል። በ1999 ዓ.ም. መንግሥታችን ስሙን የንግድ ምልክት ለማድረግ ከስታርባክስ ጋር ተሟግቶ ተስማማ። ስሙን ማስመዝገብ ተቻለ፤ በስሙ ሥር ያለውን ሰው መመዝገብ ምን ያቅታል?

በ2010 ዓ.ም. የሆነውንም አንረሳም። በሚያዝያና በሰኔ በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቀለ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ግማሽ (እ.ኤ.አ. 2018) በግጭት አዲስ በተፈናቀለ ሰው ብዛት ኢትዮጵያ ከዓለም አንደኛ ሆነች። ሰው በየትምህርት ቤቱ፣ በየቤተ ክርስቲያኑ፣ በየዳሱ ተጠጋግቶ ተኛ። ቀጥሎ የመጣው ደግሞ «ተመለሱ» የሚለው ነበር። ዕርዳታው ሰውን ወደ ቀዬው እንዲመለስ ማስገደጃ መሆኑን በወቅቱ የሰብዓዊ መብትና የዕርዳታ ሰዎች በግልጽ ጽፈዋል። በመጋቢት 2011 ዓ.ም. በገደብ ወረዳ ጎቲቲ የሕፃናት በምግብ እጥረት መጎዳት የአገር ወሬ ሆነና ጠቅላይ ሚኒስትሩ እስከዚያ መጡ። ሕፃን ሳይከሳ፣ ካሜራ ሳይመጣ የሚደርስ ድጋፍ እኮ ነው ሴፍቲኔት የሚባለው! የኋላው ልቅሶ ነው።

አሁን ወደሚያሳፍረን ነገር እንለፍ። በእኛው በተማሪዎች መካከል «ዕርዳታ ሰውን ጥገኛ ያደርጋል፤ ገበሬው ሥራ ጠልቷል» የሚል ወሬ በሻይ ሰዓት ይሰማል። ከየት የመጣ ነው? ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም ፕሮግራሙን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ተከታትሎ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ተረጂዎች የራሳቸውን ሥራ ስለመተዋቸው ማስረጃ አላገኘም። ይልቁንም ክፍያው በሙሉና በጊዜው የደረሳቸው፣ ከእሱም ጋር ብድርና ዘር ያገኙት ተሻሽለው ታዩ። የጎደለበት ነው የቀጨጨው።

ደግሞስ ይህን የምንለው እነማን ነን? በቀን ሦስት ጊዜ በካፌ ተሰልፈን የምንበላው፣ በመንግሥት አልጋ የምንተኛው እኛ ነን። ገበያ ሲወደድና ወጡ ሲቀጥን እናጉረመርማለን፤ ማጉረምረማችንም ተገቢ ነው። የእኛው ስሙ «ወጪ መጋራት» ነው፤ ከተመረቅን በኋላ ከደመወዛችን እንከፍለዋለን ተብሎ ፈርመናል። ገበሬው ግን ቀድሞ በላቡ እርከን ሠርቶ ነው 3 ኪሎውን የሚቀበለው። ከሁለታችን ጥገኛው ማነው? የጠገበ የተራበ ያለ አይመስለውም ይባላል። ግማሽ የጠገበው ተማሪ ይህን ተረት በራሱ ላይ እያስመሰከረ ነው።

የተማሪ ወግ እንዲህ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ለማኞች እየታፈሱ በሾላ ካምፕ ሲታጎሩ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ድህነት ወንጀል ነውን?» ብለው አደባባይ ወጡ። ከዚያ በፊት በ1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለዋል። ከእነሱም በፊት በዚሁ አካባቢ የጌዴኦ ጭሰኞች በ1952 ዓ.ም. በምችሌ በባለርስቶች ላይ ተነሥተው ደማቸው ፈስሷል። ያ ትውልድ ያደረገው ሁሉ ልክ ነበር አንልም፤ እርስ በርስ እስከ መበላላት የደረሰበትን እናውቃለን። ያችን ጥያቄ ግን በትክክል ጠይቋታል፤ መልስ ሳታገኝም ቀርታለች።

ሕጉስ ምን ይላል? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካል ጉዳተኞች፣ ለአረጋውያንና ያለ ወላጅ ለቀሩ ልጆች እንክብካቤ እንዲያደርግ ያዛል። አንቀጽ 90 ምግብንና ማኅበራዊ ዋስትናን በፖሊሲ ዓላማነት ይጠቅሳል። በ2007 ዓ.ም. ብሔራዊ የማኅበራዊ ጥበቃ ፖሊሲ ጸድቋል። ይሁንና «አቅም በፈቀደ መጠን» የምትለዋ ሐረግ ሁሉንም ትበላዋለች። አቅም ለመንገድ መብራት ይፈቅዳል፣ ለበዓልና ለስብሰባ ይፈቅዳል፤ ለአሮጊቷ ሲሆን ይደክማል።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህንን ነው። ጥያቄያችንም በቅድሚያ ለክልሉ ነው፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ዲላ ከመቀመጫዎቹ አንዷ ሆናለችና «ሐዋሳ ሩቅ ነው» የሚለው ምክንያት አብቅቷል።

አንደኛ፣ የክልሉ ምክር ቤት ለአረጋውያን፣ ለአካል ጉዳተኞችና ጉልበት ለሌላቸው ቤተሰቦች የሚሰጠውን ድጋፍ በአዋጅ መብት ያድርገው፤ ከራሱ ገቢ ትንሽም ብትሆን ቋሚ በጀት ይመድብለት። በትንሹ የተጀመረ መብት ከብዙ ችሮታ ይሻላል።

ሁለተኛ፣ ክፍያው በየዓመቱ ከእህልና ከቆጮ የገበያ ዋጋ ጋር ይታሰብ።

ሦስተኛ፣ ምረቃ በኮታ መሆኑ ይቅር። ከዝርዝር የሚወጣ ቤተሰብ አንድ ክፉ ዓመት አልፎ መቆም መቻሉ ይታይ፤ ካልቆመ ያለ ልመና ይመለስ።

አራተኛ፣ በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መክፈል ለማይችሉ ሰዎች መዋጮውን መንግሥት እንደሚሸፍን መመሪያው ይናገራል። በየቀበሌው ስንት ሰው እንደተሸፈነ፣ ስንት ሰው እንደቀረ በግልጽ ይለጠፍ። የሴፍቲኔቱም ዝርዝር እንዲሁ።

አምስተኛው ጥያቄ ለራሳችን ነው። መመሪያው በየቀበሌው ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ እንዲኖር ያዛል፤ የተቀነሰ ሰው ለዚያ ማመልከት ይችላል። ማመልከቻ የሚጽፍለት ግን የለውም፤ አማርኛው ይከብደዋል፣ ቀኑ ያልፍበታል። እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ የሕግ ተማሪዎች አሉ፤ ጌዴኦኛ አፋቸውን የፈቱ ተማሪዎች አሉ፤ ሂሳብ የሚያውቁ አሉ። የሦስቱ አንድ ላይ መቀመጥ ብቻ ነው የጎደለው። በቅዳሜ ገበያ ቀን አንድ ጠረጴዛና ሦስት ወንበር ይበቃል። ይህን ለማድረግ ፈቃደኛ የሆናችሁ ስማችሁን፣ ትምህርት ክፍላችሁንና የምትችሉትን ቋንቋ ጽፋችሁ ለዚህ መጽሔት አዘጋጆች በእጅ ስጡን። ከፈተና በፊት ባለው ሳምንት ተሰብስበን በየትኛው ቀበሌ እንደምንጀምር እንወስናለን።